የኅዳር አሥራ አራቱ ቃለ ጉባኤ

«እማ፣ የፈረምሽው ወረቀት ምን ይላል?»

ሠላማዊት ይኸን የጠየቀችው የደንብ ልብሷን እየቆለፈች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች ነው። እናቷ አሰበች የማሽላ እንጀራ ላይ ሽሮ እየቀባች ነበር፤ እጇ በዚያው ቀረ። የትኛው ወረቀት ብላ አልጠየቀችም፤ በዕድሜዋ የፈረመችው አንድ ወረቀት ብቻ ነው። በኅዳር ወር፣ በርእሰ መምህሩ ቢሮ፣ ሁለት የወላጅ ኮሚቴ አባላት አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ሲያትሙ፣ እሷ «እኔስ እጽፋለሁ» ብላ እስክሪብቶ ተቀብላ ስሟን ከነአባቷ ጻፈች። አጨበጨቡላት። ያን ዕለት ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገዱ ጠቧት ነበር። ማንበብ አቅቷት አይደለም ያላነበበችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ መልስ በአሥር ሰዓት የጎልማሶች ክፍል ገብታ፣ ቤቷ ደግሞ ሰፌድ ላይ ሰሊጥ ዘርግታ በጣቷ ፊደል እየጻፈች ተምራለች፤ ቀስ ካለች ታነባለች። ግን ሰው ሁሉ ቆሞ ሲጠብቅ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም ጣሰው ጣቱን መስመሩ ላይ ተክሎ «እዚች ጋ፣ እቴ» ሲላት፣ ሰው አቁሞ ፊደል መልቀም አሳፈራት። ጣሰው የኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። በአሥር ዓመቱ ከደምቢያ መጥቶ ከእሷ መሶብ እየበላ ያደገ ነው። ክፉ ነገር ያስፈርመኛል ብላ እንዴት ታስብ?

«የስብሰባ ወረቀት ነዋ» አለች።

«ምን የሚል?»

አሰበች ማንኪያው ላይ ያለውን ሽሮ አየችው።

«መምህር ምናለ ትናንት ምን እንዳለን ታውቂያለሽ?» አለች ልጅቱ፣ አሁንም ሳትዞር። «‹ጄኔሬተሩን ፈርመው የሰጡት ወላጆቻችሁ ናቸው፤ እኔን አትጠይቁኝ› አለን። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ እኔን አየ።»

«ተበላሽቶ ለጥገና ጎንደር ሄደ አይደል እንዴ?»

«ማን ነው ያለሽ?»

ጣሰው ነው ያላት። ለገና መጥቶ፣ ዶሮውን በልቶ እጁን እየታጠበ ነው ያላት። አሁን ስሙን መጥራት አፏ እምቢ አለ። ሠላማዊት ደብተሮቿን አቀፈች፤ እንጀራውን ሳትነካ ወጣች። ባሏ ደረበ ደጅ ነበር። ከየካቲት ወዲህ ሙቀቱ ሰው ቤት ውስጥ አያስተኛም፤ በገመድ የተጠለፉት አንገረቦች ሌሊቱን አልጋ፣ ጠዋት ወንበር ናቸው። ደረበ አንዱ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስር ነበር። በሩ ክፍት ስለሆነ የተባለው አንድም ሳይቀር ጆሮው ገብቷል። አሰበች ወጥታ «ሰማህ ይኸን?» አለችው። የጫማውን ማሰሪያ ፈታና እንደገና አሰረው። ከዚያ ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈና «ትራክተሩ ይጠብቀኛል» ብሎ ሄደ። ከኅዳር ወዲህ እንዲህ ሆኗል፤ ያው ይበላል፣ ያው ይተኛል፣ ግን ቃል ከአፉ የሚወጣው እንደ ውድ ዕቃ ተቆጥቦ ነው። አሰበች ድካም ነው ብላ ትታዋለች።

ፕላዝማ የሚሉት በብረት ሣጥን ተቆልፎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰፊ ቴሌቪዥን ነው። ትምህርቱ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይመጣል፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። የክፍሉ መምህር መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ የቀረው የፕላዝማው ነው። ፕላዝማው ደግሞ ማንንም አይጠብቅም፤ ያልገባው እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም፣ ያመለጠውም ትምህርት አይመለስም። ይኸ ዕቃ ከተማዋ የገባ ዕለት ከወረዳ የመጣ ሰው ድምፅ ማጉያ ይዞ «ከእንግዲህ የጎንደር ልጅና የእናንተ ልጅ በአንድ ሰዓት አንድ ትምህርት ይማራሉ፤ ቆላ ወደ ኋላ የሚቀርበት ዘመን አበቃ!» ብሎ ነበር። አሰበች እልል ካሉት አንዷ ናት። ከሸኸዲ ወደ ሽንፋ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ከተማቸው ግን የመብራት መስመር የላትም፤ ፕላዝማው የሚበራው በጄኔሬተር ነው። ከኅዳር ወዲህ ጄኔሬተሩ ስለሌለ ግድግዳው ላይ ያለው ጥቁር መስተዋት ብቻ ነው፤ ሴት ተማሪዎቹ ፀጉራቸውን ያስተካክሉበታል። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው፤ የቀረው ሦስት ወር። ሠላማዊት ካለፈች አሥራ አንደኛ ክፍል ጎንደር ትገባለች። ካላለፈች የምትሄድበትን ጣሰው አስቀድሞ አዘጋጅቶታል፤ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ የሰው ቤት ሥራ።

አሰበች ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሥራዋ ሄደች። ጡቷ ሥር የታጠፈ ወረቀት አለ፤ ርእሰ መምህሩ አቶ ደምለው ትናንት የሰጧት ነው። ዛሬ ከላይ የሚመጡ እንግዶች ትምህርት ቤቱን ስለሚጎበኙ፣ በጎልማሳነቷ ፊደል የቆጠረች እናት ሆና እፊታቸው የምታነበው ስድስት መስመር ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን በደስታ ሳትተኛ ታድር ነበር።

የምትሠራው፣ ባሏ ትራክተሩን በሚነዳለት በጎንደሩ ባለሀብት በአቶ አገኘሁ መጋዘን ውስጥ ነው። ከመስክ የገባው ሰሊጥ በማበጠሪያ ማሽን ያልፋል፤ ማሽኑ ያልጣለውን አፈርና ጠጠር ስልሳ ሴቶች በረድፍ ተቀምጠው በእጅ ይለቅማሉ። በመጋዘኑ ጥግ ቀኑን ሙሉ የሚያጓራ፣ ጭሱ ዓይን የሚያቃጥል ሞተር አለ። ዛሬ ከበሩ ስትደርስ የለመደችው ጩኸት የለም። ሴቶቹ ደጅ ላይ ተኮልኩለዋል። ካቦው በሽር ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ «ዛሬ ሥራ የለም፤ ወደየቤታችሁ» ይላል።

«ምነው? ሰሊጡ አለቀ?» አለች አሰበች።

«ሰሊጡስ ሞልቷል። ጄኔሬተሩ ትምህርት ቤት ሄዷል፤ ከእንግዳ ጋር ፎቶ ይነሣል። ነገ ይመለሳል።»

ሴቶቹ ሳቁ። አሰበች አልሳቀችም። በሽርን ገፋ አድርጋ ገባችና ጥግ ላይ ያለውን ባዶ ቦታ አየች። መሬቱ ላይ አራት ማዕዘን የዘይት ምልክት ቀርቷል፤ ዙሪያውን የሰሊጥ ገለባ ተጋግሮበታል። ሦስት ወር ሙሉ ከዚያ ሞተር አሥር እርምጃ ርቃ ተቀምጣለች። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ጀርባውን በጆንያ ሸፍነውት ነበር። የምሳ ዕቃዋን እላዩ ላይ አስቀምጣ ታሞቅ ነበር። ሲጠፋ «ምነው ዛሬ ቆመ» ብላ ተጨንቃ፣ ሲነሣ ተመስገን ብላለች፤ እሱ ከቆመ የዕለት አሥራ ሁለት ብሯም ይቆማልና። የልጇን ትምህርት በአፍንጫዋ ስትስበው ከርማለች።

ረቢዓ ከኋላዋ መጥታ ቆመች። ጎን ለጎን የሚቀመጡ ጓደኛሞች ናቸው፤ የረቢዓ ልጅም እዚያው አሥረኛ ክፍል ነው።

«ምን ሆነሽ ነው እንደ ሐውልት የቆምሽ?»

«ረቢዓ፣ ይኸ ጄኔሬተር የትምህርት ቤቱ መሆኑን ታውቂ ነበር?»

ረቢዓ ፊቷን አየቻትና መሳቅ ጀመረች፤ መሀል ላይ ሳቁ ጠፋባት። «ወላሂ ትቀልጃለሽ! አንቺ አይደለሽ እንዴ የፈረምሽው? ኮሚቴ እኮ ነሽ።»

«አላነበብኩትም።»

«እኛ ደግሞ አሰበች አገኘች ስንል ነው የከረምነው። ባሏ በትራክተሩ፣ እሷ በመጋዘኑ፣ የባሏ ወንድም በሱቁ። ለዚያ ነው ፊት ለፊትሽ ያላወራነው።» ከዚያ ጨመረች፤ «እኔማ ጠልቼሽ ነበር። ኸላስ፣ አበቃ፤ አሁን ተነገረሽ።»

አሰበች ከመጋዘኑ የወጣችው እግሯ መሬት መርገጡን ሳታውቅ ነው። ስልሳ ሴት። ሦስት ወር። ከስልሳ ሴት ጋር ውሃ ስትጠጣ፣ ስትቀልድ፣ ጨው ስትበዳደር ኖራ፣ ሁሉም በልባቸው ሌባ ይሏት ነበር።

የጣሰው ሱቅ መናኸሪያው አጠገብ ነው። የሱዳን ሳሙና፣ ስኳር፣ ብስኩት፣ የባትሪ ድንጋይ ይሸጣል። በዚህ ዓመት ከአቶ አገኘሁ ግቢ በሚመጣለት በረዶ ውስጥ የሚያስቀምጠው ለስላሳ ጨምሯል፤ ጠርሙሱ አምስት ብር ነው፣ ከሌላ ቦታ በሁለት ብር ይበልጣል፣ ግን በዚያ ሙቀት የሚከራከር የለም። ሲያያት ብድግ ብሎ ወንበር ጠረገላት። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ እንግዳ ሊቀበል ነው።

«ግቢ እንጂ እቴ አሰቡ፤ ምነው ላብ በላብ ሆንሽ? አንድ ቀዝቃዛ ልክፈትልሽ።»

«ምንድን ነው ያስፈረምከኝ?»

ጠርሙሱን ከበረዶው አውጥቶ ቆመ። ውሃው በክንዱ ወረደ። «ምንስ ቢሆን፣ እኔ እያለሁ አንቺን የሚጎዳ ይመስልሻል?»

«ጠየቅኩህ እኮ።»

«እቴ፣ እንደው ልንገርሽ። ያ ዕቃ ትምህርት ቤት ቆሞ ናፍጣ ከመብላት በስተቀር ምን ይሠራ ነበር? ልጆቹ እንግሊዝኛው አይገባቸው፣ መምህሩ ቆሞ ያያል። እዚያ ግን ስልሳ ሴት እንጀራ በላበት። አንቺም በልተሽበታል። ልማት ማለት ይኸ አይደል?»

«ሠላማዊትስ?»

«ሠላማዊትን ለእኔ ተይልኝ። ካለፈች ጎንደር፤ ካላለፈችም ገዳሪፍ ያለችው የሚስቴ ዘመድ ጥሩ ቤት ታስገባታለች። ሴት ልጅ የትም ትኖራለች።» ጠርሙሱን ከፍቶ እጇ ላይ አኖረላት። «አሁን ሂጂና ተዘጋጂ፤ እንግዶቹ አራት ሰዓት ላይ ይገባሉ። ያችን ወረቀት በደንብ አንብቢያት። ታኮሪናለሽ።»

አሰበች ጠርሙሱን ሳትቀምስ መደርደሪያው ላይ መለሰችው። ሌላ ሰው ቢሆን ትጮህበት ነበር። ይኸ ሰው በወባ ሲንቀጠቀጥ ሦስት ሌሊት እግሩን ይዛ ያደረችለት ነው። ያኔ እሷ አትጽፍም፣ አታነብም፤ ሰውን ታምናለች። ፊደል ከቆጠረች በኋላም ሰውን ማመኑን አልተወችም፤ ጥፋቷ ይኸ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ውሃ ተርከፍክፏል። በር ላይ ዘንባባ ታስሯል። ጄኔሬተሩ ከአሥረኛ ክፍል ጀርባ ቆሞ ያጓራል፤ ዛሬ ፊቱ ወደ ውጭ ነው፣ በነጭ ቀለም የተጻፈው የትምህርት ቤቱ ስም ታጥቦ ያብረቀርቃል። አሰበች ቆማ አነበበችው። አራት ቃል ነው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው ባያዞሩት ኖሮ በኅዳርም ታነበው ነበር።

ክፍሉ ውስጥ፣ እንግዳ ሲመጣ እንደሚደረገው ሁሉ፣ የትምህርት ቤቱ መዝገቦች ረጅም ጠረጴዛ ላይ ለእይታ ተደርድረዋል፤ የዕቅድ፣ የንብረት፣ የቃለ ጉባኤ፣ እያንዳንዱ በባለ ቀለም ወረቀት ተለብጦ ስሙ ተጽፎበታል። እንግዶች ይቆጥሯቸዋል እንጂ አይገልጧቸውም። መምህር ምናለ፣ የፊዚክስ አስተማሪው፣ ጠረጴዛው አጠገብ አቧራ ይጠርግ ነበር። ከመጣ ሁለት ዓመቱ የሆነ ቀጭን የጎጃም ልጅ ነው።

«መምህር» አለችው፣ «ልጄን ያሳፈሯት እርስዎ ነዎት?»

ፊቱ ቀላ። «በንዴት ነው የተናገርኩት። ለእሷ ማለቴ አልነበረም።»

«የፈረምኩት የትኛው ላይ ነው?»

ጨርቁን እያጠፈ ወደ በሩ አየ። አቶ ደምለው ውጭ ልጆች ያሰልፋሉ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አረንጓዴው» አለ። «የኅዳር አሥራ አራትን ይፈልጉ።» ከዚያ ጨርቁን ይዞ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ሄደ።

አሰበች አረንጓዴውን መዝገብ አንሥታ ነጠላዋ ውስጥ አደረገች። ከልቧ ላይ ያለውን ስድስት መስመር ወረቀት አውጥታ በቦታው አስቀመጠች።

እንግዶቹ አምስት ሰዓት አለፍ ሲል ገቡ፤ ስድስት ናቸው፣ መሪያቸው አቶ ናሁሰናይ የሚባሉ ወፍራም፣ ቅን ፊት ያላቸው ሰው። በላብ የራሰ መሐረባቸውን ግንባራቸው ላይ ጫን ጫን እያደረጉ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ፕላዝማው በራ። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰውዬ በእንግሊዝኛ መናገር ጀመረ፤ የሽቦ ሥዕል፣ ቀስት፣ ቁጥር እየመጣ ይሄዳል። አርባ አንድ ልጆች አንገታቸውን ቀና አድርገው ያያሉ። በሦስት ወር ውስጥ የመጀመሪያቸው ነው፤ ሰውዬው ግን በኅዳር ካቆሙበት አልጀመረም። ጥያቄ መጣ። ሙዚቃ ተከፈተ፤ በጥግ በኩል ሰዓት ወደ ታች ይቆጥራል። የሚጽፍ የለም፤ ሠላማዊት እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ ሳታስነካ ታንቀሳቅሳለች። ሙዚቃው ሲያበቃ ሰውዬው ፈገግ ብሎ በደስታ አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?» አለችው አሰበች መምህሩን፣ በሹክሹክታ።

«‹ጎበዞች! ትክክል ናችሁ!› ነው ያለው።»

አቶ ናሁሰናይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከእንግዶቹ አንዱ ፎቶ አነሣ።

ያኔ አቶ ደምለው ተነሥተው፣ ቴክኖሎጂው ልጆችን ብቻ ሳይሆን መንደሩንም እንዳነቃ ተናገሩ፤ «ለምሳሌ ወይዘሮ አሰበች! ፊደል የቆጠሩት በቅርቡ ነው፤ ዛሬ በፊታችሁ ያነባሉ» አሉ። ጣሰው ከጎናቸው ሆኖ ማጨብጨብ ጀመረ። አሰበች ወደ ፊት ወጣች። «ያን ሰውዬ ዝም አሰኙልኝ» አለች፤ መምህር ምናለ ሄዶ ፕላዝማውን አጠፋው። አረንጓዴው መዝገብ ሲወጣ አቶ ደምለው ወንበራቸው ላይ ተቁነጠነጡ፤ እንግዳ እያየ ግን ከሴት እጅ መዝገብ አይነጠቅም።

ጣቷን መስመሩ ላይ አሳርፋ ጀመረች። «ኅዳር አሥራ አራት ቀን... ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ...» እያንዳንዱን ቃል መጀመሪያ በከንፈሯ ሰብስባ፣ ከዚያ በድምፅ ታወጣዋለች። ላቧ ወረቀቱ ላይ ተንጠባጠበ። «የትምህርት ቤቱ... ጄኔሬተር... ለመማር ማስተማሩ ሥራ የማያስፈልግ... ትርፍ ንብረት ሆኖ ስለተገኘ...»

«እቴ፣ ደክሞሻል፤ ላግዝሽ» አለ ጣሰው፣ እጁን ዘርግቶ።

«ቁጭ በል። ያኔ አግዘኸኛል።»

አንድ ልጅ ፍርፍር ብሎ ሳቀና አፉን ያዘ። አሰበች ጣቷን ወደ መስመሩ መለሰች። «...ለአካባቢው ልማት የበኩሉን...» ቀጣዩ ቃል ረጅም ነው። ያዛት። ከፊቱ ጀመረችው፤ ከመሀሉ ጠፋባት፤ እንደገና ጀመረችው። አቶ ናሁሰናይ ሰዓታቸውን አዩ። ይጠብቁ። ይኸ ሁሉ ሰው ቆሞ ይጠብቅ፤ ያኔ አፍራ ያላስጠበቀችውን ዛሬ ታስጠብቃለች።

«እንዲያበረክት» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ሠላማዊት ናት። ተነሥታ ቆማለች።

«...እንዲያበረክት፣ ማበጠሪያ ላላቸው ባለሀብት በውሰት እንዲሰጥ... ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል።» ከዚያ ስሞቹን አነበበች፤ ጣሰውን፣ ደምለውን፣ ሁለቱን አውራ ጣቶች። መጨረሻ ላይ «አሰበች ውባንተ» አለች። «ይኸ የኔ ነው። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ሳላነብ ነው የጻፍኩት። ልጆቹ ሦስት ወር ጥቁር መስተዋት ነው ያዩት፤ ዛሬ የበራው ለእናንተ ነው። ነገ ይወስዱታል።»

አቶ ናሁሰናይ ቀስ ብለው ተነሡ። ፊታቸው ላይ እውነተኛ ደስታ ነበር። «እናቴ» አሉ፣ «እንዴት ያነባሉ! የጎልማሶች ትምህርት ፍሬ ማለት ይኸ ነው!» ብለው አጨበጨቡ። እንግዶቹ ተከትለው አጨበጨቡ። አቶ ደምለው አጨበጨቡ፤ ጣሰውም።

«ለንባቤ አይደለም!» አለች አሰበች። ድምፅዋ በጭብጨባው ውስጥ ሰጠመ። «ስሙ እንጂ ያልኩትን! ለንባቤ አይደለም!»

«ጉዳዩን ይዘነዋል፤ ይዘነዋል» አሉ አቶ ናሁሰናይ፣ ትከሻዋን መታ መታ አድርገው። ከእንግዶቹ አንዱ ማስታወሻው ላይ አንድ መስመር ጻፈ። ከዚያ ፍየል ወደታረደበት ወደ አቶ አገኘሁ ግቢ ለምሳ ሄዱ።

አሰበች አልሄደችም። ከክፍሉ ጀርባ ዞራ ጄኔሬተሩ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ጠፍቷል፤ ብረቱ ግን በፀሐዩ ነዶ በቀሚሷ አልፎ ያቃጥላል። ሠላማዊት መጥታ ግንቡን ተደግፋ ቆመች። ልጅቱ ከቧንቧው በጣሳ ውሃ ቀድታ አመጣች፤ እናትየው ግማሹን ጠጥታ ግማሹን ሥሯ ያለው ብረት ላይ ደፋችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትራክተሩ ተሳቢውን እየጎተተ በበሩ ገባ። ጣሰውና አራት ተሸካሚዎች ተሳቢው ላይ ናቸው። መሪውን የያዘው ደረበ ነው። አሰበች ባሏን ስታይ ያልጠበቀችው ነገር አልነበረም፤ በከተማዋ ውስጥ የአቶ አገኘሁን ትራክተር የሚነዳ ሌላ ሰው የለም። ግን ልቧ ይኸን አሁን ነው ያሰላው።

«እቴ፣ ውረጂ» አለ ጣሰው። ጠዋት የነበረው ማር ከድምፁ ጠፍቷል። «ያሳፈርሽኝ ይበቃል። ሰው እያየን ነው።»

«ይየን።»

«ደረበ፣ ሚስትህን አውርዳት!»

ደረበ ከትራክተሩ ወረደ። እፊቷ መጥቶ ቆመ። ከጠዋት ጀምሮ፣ ከኅዳር ጀምሮ፣ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ይኸ የመጀመሪያቸው ነው።

«በኅዳርም የጫንከው አንተ ነህ?» አለችው።

«እኔ ነኝ።»

«ሦስት ወር ሙሉ! ልጅህ መጽሐፍ ታቅፋ ስታለቅስ እያየህ! እንዴት አትነግረኝም?»

«ፈርመሽ ነበራ።» ቃሉ ከጉሮሮው ተቦጭቆ ወጣ። «ማንበብ ተምሬያለሁ እያልሽ ነው የፈረምሽው። አውቀሽ መሰለኝ። ለእኔ ሥራ ብለሽ፣ ለመጋዘኑ ሥራ ብለሽ... ልጅሽን የሸጥሽ መሰለኝ። ምን ብዬ ልናገርሽ?»

አንድ ቤት፣ ሁለት አንገረብ፣ ሦስት ወር። እሷ ደክሞታል ስትል፣ እሱ እያያት ምን ዓይነት እናት ናት ሲል።

ሠላማዊት ከግንቡ ተላቀቀች። «አላነበበችውም፣ አባ» አለች። «ዛሬ ነው ያነበበችው። እኔ ሰምቻለሁ።»

ደረበ ወደ ትራክተሩ ተመለሰ። ሞተሩን አጠፋ። ቁልፉን ነቅሎ ለወንድሙ ዘረጋለት። «እንካ፤ ራስህ ንዳው።»

«እኔ መንዳት የት አውቃለሁ? ደረበ፣ አትበድ፤ ጋሼ አገኘሁ ከእንግዳ ጋር ነው፤ ዛሬውኑ ያባርርሃል።»

«ያባርር።»

ተሸካሚዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ጥላ ፈልጎ ተቀመጠ፤ ሦስቱ ተከተሉት።

ጄኔሬተሩ ትምህርት ቤቱ ቀረ፤ ቃለ ጉባኤው በእንግዶች ፊት ከተነበበ ወዲያ ደግሞ ለመውሰድ የደፈረ አልነበረም። የናፍጣ በጀት የለም ተብሎ አምስት ሳምንት ቆመ፤ ረቢዓና የመጋዘኑ ሴቶች አዋጥተው ሲያስነሡት ለፈተናው ስምንት ሳምንት አልሞላም ነበር። «ይዘነዋል» ካሉት እንግዶች የመጣ ደብዳቤ የለም። መምህር ምናለ በሚያዝያ፣ ትምህርት ሳይዘጋ፣ ወደ አብደራፊ ተዛወረ። ደረበ ከትራክተሩ ተባርሮ የሰው መሬት በእኩል ያርሳል። ከአርባ አንዱ ልጆች አምስት አለፉ፣ አምስቱም ወንዶች ናቸው፤ የረቢዓ ልጅ አንዱ ነው፣ ጎንደር ገባ። አቶ ደምለው በቦታቸው ቀሩ። ጣሰው የኮሚቴው ሰብሳቢ እንደሆነ ቀረ። አሰበች ግን ከኮሚቴው ቀረች። ሠላማዊት በጥቅምት፣ ሰሊጥ በሚታጨድበት ሳምንት፣ በመተማ ዮሐንስ በኩል ተሻግራ ገዳሪፍ ሄደች።